ተከታታይ ድራማ ከመጀመርዎ በፊት ፍጻሜ እንዳለው የሚያጣሩበት መንገድ

ልጅ ሳለሁ እናቴ በየሳምንቱ የምትከታተለው አንድ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ነበር። ያለ ጥፋቱ የታሰረው ሰው ፍርድ ሊሰጠው አንድ ክፍል ብቻ ሲቀረው፣ በቀጣዩ ሳምንት በዚያው ሰዓት ድራማው ቀርቶ የሙዚቃ ዝግጅት ቀረበ፤ ምክንያቱን የነገረን አልነበረም። እናቴ ሦስት ሳምንት ያህል ሰዓቱን ጠብቃ ቴሌቪዥኑን ስትከፍት ቆየችና ተወችው፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ግን «ያ ሰውዬ ተፈረደበት ወይስ ተፈታ?» ብላ ስትጠይቅ ሰምቻታለሁ። ለአንድ ታሪክ ወራትና ዓመታት የሰጠ ተመልካች ፍጻሜውን ማየት ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ድራማው ፍጻሜ ያለው መሆኑን አስቀድሞ እንዴት ማጣራት እንደሚቻል፣ በመካከል ቢቋረጥም ምን ማድረግ እንደሚቻል ከዚህ በታች እገልጻለሁ። አብዛኞቹን ምሳሌዎች ከአሜሪካ የወሰድኳቸው በዚያ አገር የአንድ ድራማ መቋረጥ በይፋ ስለሚነገርና ቀኑም ስለሚመዘገብ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ «ተጠናቀቀ» እና «ተቋረጠ» የሚሉትን ሁለት ቃላት ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የተጠናቀቀ ድራማ ደራሲዎቹ የመጨረሻውን ክፍል የመጨረሻ መሆኑን አውቀው የጻፉት ነው፤ የተቋረጠው ደግሞ ለቀጣዩ ምዕራፍ እየተዘጋጁ ሳሉ ገንዘቡን የሚከፍለው ጣቢያ ወይም የስትሪሚንግ (በኢንተርኔት የሚያሳይ) ድርጅት አይቀጥልም ያለው ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ዳርክ እና 1899 የተባሉት የኔትፍሊክስ ድራማዎች በግልጽ ያሳያሉ። ሁለቱንም የሠሯቸው እነዚያው ጀርመናውያን ባለሙያዎች ሲሆኑ፣ ሁለቱም በሦስት ምዕራፍ እንዲያልቁ ታስበው ነበር። ዳርክ ከ2017 እስከ 2020 በ26 ክፍሎች የታሰበለት ፍጻሜ ላይ ደረሰ። 1899 ግን በኅዳር 2022 ከወጣ በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው፣ በጥር 2023 መጀመሪያ መቋረጡ ተነገረ፤ ስምንቱ ክፍሎች የከፈቱት እንቆቅልሽም ሳይፈታ ቀረ። የባለሙያዎቹ ችሎታ አንድ ሆኖ ሳለ ተመልካቹ ያገኘው ነገር ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ይህን ለማጣራት የድራማውን ስም በእንግሊዝኛ ጽፈው በዊኪፒዲያ ይፈልጉ። በገጹ ላይ ባለው አጭር ሰንጠረዥ ውስጥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክፍል የታዩባቸው ቀኖች፣ እንዲሁም የምዕራፎቹና የክፍሎቹ ብዛት ተጽፈው ያገኛሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ እኔ ግን ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅም አንድ ነገር አለ እላለሁ። ስለ ዝግጅቱ ታሪክ የሚናገረውን የገጹን ክፍል ያንብቡና ድራማው እንደሚያበቃ የተነገረበትን ቀን የመጨረሻው ምዕራፍ ከወጣበት ቀን ጋር ያነጻጽሩ። ማስታወቂያው የቀደመው የመጨረሻው ምዕራፍ ከመጻፉና ከመቀረጹ ከሆነ ደራሲዎቹ ታሪኩን የሚዘጉበት ጊዜ አግኝተዋል ማለት ነው። ለምሳሌ ኤቢሲ የተባለው ጣቢያ ሎስት በ2010 እንደሚያበቃ ያስታወቀው ገና በግንቦት 2007፣ ሦስት ምዕራፎች ሲቀሩት ነበር፤ ፍጻሜውን የወደደውም ያልወደደውም ተመልካች ድራማው በመካከል ተቆርጧል ሊል አይችልም። ማስታወቂያው የመጣው ሁሉም ክፍሎች ከታዩ በኋላ ከሆነ ግን የመጨረሻው ክፍል ጥያቄ አንጠልጥሎ የቀረ መሆኑን ይጠርጥሩ። በ1990 ያበቃው አልፍ የተባለው የቤተሰብ ኮሜዲ በመጨረሻው ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ በወታደሮች ተይዞ «ይቀጥላል» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ ተመልካቹ ቀጣዩን ያየው ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ጣቢያ በተላለፈ የቴሌቪዥን ፊልም ነው።

ይህ መለኪያ ሁልጊዜ በትክክል አይሠራም። ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ ሐኒባል የተባለውን ድራማ እንደማይቀጥል ያስታወቀው በ2015 ሦስተኛው ምዕራፍ በመታየት ላይ እያለ ሲሆን፣ የዚያ ምዕራፍ መዝጊያ ግን ለብዙ ተመልካች እንደ ሙሉ ፍጻሜ የሚቆጠር ነው። ስለዚህ ቀኖቹ ካጠራጠሩዎት ድራማውን አይቶ የጨረሰ ሰው ያግኙና ታሪኩን እንዳይነግርዎት አስጠንቅቀው «መጨረሻው ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?» ብለው ብቻ ይጠይቁት። እኔ ለእናቴ ድራማ ስመርጥላት የመጨረሻውን ክፍል ቀድሜ ራሴ አያለሁ፤ የእኔ ደስታ ቢቀንስም የእርሷ እንዲበላሽ አልፈልግም።

በመታየት ላይ ያለ ድራማ የሚከታተሉ ከሆነ ደግሞ የአደጋ ምልክቶችን ማወቅ ይጠቅማል፤ ለዚህም ውሳኔው በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚሰጥ መረዳት ያሻል። የአሜሪካ ዋና ዋና ጣቢያዎች የሚተዳደሩት በማስታወቂያ ሲሆን፣ ለማስታወቂያው ዋጋ መሠረት የሚሆነው ኒልሰን የተባለው ድርጅት የሚለካው የተመልካች ቁጥር ነው። አስተዋዋቂዎች ለረጅም ጊዜ ከሁሉ አብልጠው የፈለጉት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 49 የሆኑ ተመልካቾችን ስለሆነ፣ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አረጋውያን የሚወዱት ድራማም ሊቋረጥ ይችላል። ጣቢያዎቹ የቀጣዩን ዓመት ዝግጅታቸውን ለአስተዋዋቂዎች የሚያቀርቡት በግንቦት ወር ኒውዮርክ ላይ በመሆኑ፣ አብዛኛው የመቋረጥ ዜና የሚሰማው በዚያ ሰሞን ነው። ድራማው ወደ ዓርብ ምሽት ሲዛወር ወይም የታዘዙት ክፍሎች ቁጥር ሲቀነስ ይጠንቀቁ። ስታር ትሬክ በ1968 በተመልካቾች የደብዳቤ ዘመቻ ከመቋረጥ ተርፎ ሦስተኛ ምዕራፍ ቢያገኝም፣ ኤንቢሲ ዓርብ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ስለመደበው ወጣቶች ከቤት በሚወጡበት ሰዓት ይታይ ነበር፤ በ1969ም በ79 ክፍሎች ተቋረጠ።

የስትሪሚንግ ድርጅቶች መለኪያ ከዚህ የተለየ ነው። ኔትፍሊክስ በ2019 ለብሪታንያ ፓርላማ ኮሚቴ በጻፈው ደብዳቤ ተመልካቾችን በሦስት ከፍሎ እንደሚቆጥር ገልጾ ነበር፤ እነርሱም የጀመሩ፣ የተመለከቱ እና 90 በመቶውን ያዩ ማለትም የጨረሱ ናቸው። ቆጠራው በተለይ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 7 እና 28 ቀናት ውስጥ ነው። በዚህ አሠራር መሠረት ብዙ ሰው ጀምሮት ጥቂት ሰው ብቻ የጨረሰው ድራማ አደጋ ላይ ይወድቃል። በዚህ ላይ የተዋንያኑና የባለሙያዎቹ ክፍያ ከምዕራፍ ወደ ምዕራፍ እየጨመረ ስለሚሄድ፣ ሁለተኛውን ምዕራፍ የተሻገረ ድራማ እንኳ ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ላያገኝ ይችላል። ይቀጥላል ተብሎ በይፋ መነገሩም ዋስትና አይሆንም። ግሎው የተባለው ድራማ አራተኛና የመጨረሻ ምዕራፍ ተፈቅዶለት ቀረጻ ከተጀመረ በኋላ በኮቪድ ምክንያት ተቋረጠ፤ በጥቅምት 2020ም ፈቃዱ ተሰርዞ ቀረ። ስለዚህ የመጨረሻው ምዕራፍ በእርግጥ መውጣቱን ሳያዩ «ፍጻሜ አለው» አይበሉ።

ጥያቄ የሚያበዛውን ድራማ እንዲህ ሳያጣሩ እንዳይጀምሩ እመክራለሁ። በየክፍሉ አንድ ጉዳይ ከፍቶ የሚዘጋ የፖሊስ ወይም የሆስፒታል ድራማ ቢቋረጥ ጉዳቱ ትንሽ ነው። ከመጀመሪያው በተወሰነ ክፍል ብቻ እንዲያልቅ የተሠራ አጭር ተከታታይ ደግሞ ከዚህ ስጋት ነጻ ነው፤ በ2019 የወጣው ቼርኖቤል በአምስት ክፍሎች ተጀምሮ በአምስቱ ያለቀ ነው።

በእኛ ዘንድ ብዙ ቤተሰብ ስለሚከታተላቸው የቱርክ ድራማዎች ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥራ ሲጀምር በአማርኛ ተተርጉመው ወደ ቤታችን የገቡት እነዚህ ድራማዎች በአገራቸው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚታዩ፣ አንዱ ክፍል ከማስታወቂያ ጋር የምሽቱን አብዛኛውን ሰዓት የሚወስድ ነው። ቀረጻው ከሥርጭቱ ብዙም የማይቀድም በመሆኑ ተመልካች የቀነሰበት ድራማ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እንዲያልቅ ይወሰናል፤ ደራሲዎቹም በቀሩት አንድና ሁለት ክፍሎች ሁሉን ነገር ለመዝጋት ይጣደፋሉ። ዘገምተኛ የነበረው ታሪክ በድንገት ሰርግና ቀብር በአንድ ምሽት ሲያሳየን ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ለውጭ ገበያ ሲሸጡ ደግሞ ረጅሙ ክፍል ወደ 45 ደቂቃ ገደማ ስለሚቆራረጥ ቁጥሩ ይበዛል። ጥቁር ፍቅር በሚል ርእስ የምናውቀው ድራማ በቱርክ የታየው በ54 ክፍሎች ነው። ስለዚህ የቱርክ ድራማ ሲያጣሩ የቱርክኛ ርእሱን ይፈልጉና በአገሩ ስንት ክፍል እንደታየ ይመልከቱ። ከ13 ክፍል በፊት ያለቀ ከሆነ በጥድፊያ የተዘጋ መሆኑን መገመት ይቻላል።

የሚወዱት ድራማ ከተቋረጠስ? ማዳን የሚቻልበት ጊዜ አጭር ነው። ተዋንያኑ በውል የሚታሰሩት እስከተወሰነ ቀን ድረስ ስለሆነ፣ ያ ቀን ሲያልፍ ወደ ሌላ ሥራ ይበተናሉ፤ የቀረጻው ቦታም ይፈርሳል። ውጤት ያስገኙት ዘመቻዎች ፈጣኖችና በአንድ ነገር ላይ ያተኮሩ ነበሩ። ሲቢኤስ በግንቦት 2007 ጄሪኮን ሲያቋርጥ፣ በመጨረሻው ክፍል የተነገረች «ነትስ» (በእንግሊዝኛ ለውዝ ወይም ኦቾሎኒ) የምትል አንዲት ቃል መነሻ ሆና ተመልካቾች ወደ ጣቢያው 20 ቶን ገደማ ኦቾሎኒ ላኩ፤ ጣቢያውም ሰባት ክፍሎች ጨመረ። አዘጋጆቹ ከዚህ ተምረው ለሰባተኛው ክፍል ሁለት ዓይነት መዝጊያ ቀረጹ፤ አንዱ ቢቀጥል፣ ሌላው ቢያበቃ የሚታይ ነበር፤ በ2008 ሲቋረጥ የታየውም ሁለተኛው ነው። ለተመልካች ከዚህ የበለጠ አክብሮት አላውቅም። ሴንስ 8 በ2017 ሲቋረጥ ደግሞ የተመልካቾች ጩኸት ሙሉ ምዕራፍ ባያስመልስም፣ በሰኔ 2018 የወጣ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚረዝም መዝጊያ አስገኝቷል።

ፊርማ ማሰባሰብ ብቻውን ብዙም አያስኬድም፤ የበለጠ የሚሰማው መታየቱ ነው። ኤንቢሲ በሰኔ 2021 ማኒፌስትን ሲያቋርጥ የቀደሙት ምዕራፎች ኔትፍሊክስ ላይ ከወጡ ቀናት ብቻ ሆኗቸው ነበር፤ እጅግ ብዙ ሰው ስላያቸው ኔትፍሊክስ ራሱ 20 ክፍሎች ያሉት የመጨረሻ ምዕራፍ አዘዘ። ማስታወቂያውንም ያወጣው በአውሮፓውያኑ 8ኛው ወር 28ኛው ቀን ነው፤ በታሪኩ ውስጥ የጠፋው አውሮፕላን የበረራ ቁጥር 828 ስለሆነ። ይህን የምለው በተለይ በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በዐረብ አገሮች ለሚኖሩ ከፍለው ማየት ለሚችሉ ወገኖቻችን ነው። በቴሌግራም ተላልፎ የታየ ክፍል በማንም መዝገብ ላይ አይቆጠርም፤ ድራማው እንዲቀጥል የሚፈልጉ ከሆነ በሕጋዊው መንገድ፣ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ውስጥ፣ እስከ መጨረሻው ክፍል ይመልከቱት።

የተቋረጠ ድራማ መታየት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ በምን ቅደም ተከተል እንደሚታይና የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ ግን ግድ ነው። ፎክስ በ2002 ፋየርፍላይን ሲያሳይ ክፍሎቹን አዘዋውሮ፣ ታሪኩን የሚያስተዋውቀውን የመጀመሪያ ክፍል በመጨረሻ አቀረበው፤ ከተቀረጹት 14 ክፍሎች በዚያ ጊዜ የታዩትም 11 ብቻ ናቸው። ዛሬ የሚጀምረው ሰው በዲቪዲ የወጣውን የአዘጋጆቹን ቅደም ተከተል ይከተል፤ 14ቱን ከጨረሰ በኋላም ታሪኩን ለመዝጋት በ2005 የተሠራውን ሰረኒቲ የተባለውን ፊልም ይመልከት። ድራማው አሁንም የሚገኝ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ኤችቢኦ ዌስትወርልድን በኅዳር 2022 ካቋረጠ በኋላ ከራሱ የስትሪሚንግ አገልግሎት አውጥቶታል።

ታሪኩ ከልቦለድ የተወሰደ ከሆነ ፍጻሜው መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ዘ ኤክስፓንስ በሲፋይ ጣቢያ ሦስት ምዕራፍ ታይቶ በ2018 ሲቋረጥ አማዞን ተረክቦት እስከ ጥር 2022 ድረስ ሌላ ሦስት ምዕራፍ ሠርቶለታል፤ የመጻሕፍቱ ቁጥር ግን ዘጠኝ ነው። ሰባተኛው መጽሐፍ የሚጀምረው ከስድስተኛው ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ስለሆነ ድራማው የቆመው ታሪኩ በተፈጥሮው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነው፤ ከስድስተኛው ምዕራፍ በኋላ መቀጠል የሚፈልግ ተመልካች ቀሪውን ታሪክ ከሰባተኛው መጽሐፍ ጀምሮ ያገኘዋል፤ ድራማውና መጻሕፍቱ በአንዳንድ ነገር ስለሚለያዩ ግን የፊተኞቹን ቀድሞ ቢያነብ ይሻለዋል።