ዘይት የታየበትና ዘይት የወጣበት፦ የሞተር ፍሳሽ ሲጠገን የሚሠሩ ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ በመካኒክነት በሠራሁባቸው ዓመታት አብዝቶ ያስቆጨኝ ስህተት፣ ዘይት የታየበትን ቦታ ዘይት የወጣበት ቦታ አድርጎ መውሰድ ነው። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን የሾለከ ዘይት የሞተሩን ጀርባ ተከትሎ ወርዶ፣ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) በሚጋጠሙበት ቦታ ይንጠባጠባል፤ ጀማሪው መካኒክም ከሥር ተኝቶ ጠብታውን እንዳየ «የኋላው ኦይል ሲል ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ኦይል ሲል የሚሽከረከረው ዘንግ ከሞተሩ በሚወጣበት በኩል ዘይት እንዳያፈስ የሚያሽገው ቀለበት ነው። እኔም እንዲሁ ፈርጄ አውቃለሁ። የአንድ ሚኒባስ ካምቢዮ ለማውረድና ኦይል ሲሉን ለመቀየር ሙሉ ቀን ፈጅቼ፣ በማግስቱ ሹፌሩ ከአዘዞ ተመልሶ «ጋሼ፣ አሁንም ያንጠባጥባል» ሲለኝ የተሰማኝ እፍረት እስካሁን አልለቀቀኝም። ጥፋተኛው መቀመጫው ሲነሳ በእጅ የሚደረስበት፣ በሙቀት ብዛት ደርቆ የተሰነጠቀ የክዳኑ ጎማ ነበር። ሞተሩን አስቀድሜ አጥቤና አድርቄ፣ አስነስቼ ጥቂት ካሠራሁት በኋላ በእጅ ባትሪ ከላይ ወደ ታች ብመለከተው ኖሮ፣ ካምቢዮውን መንካት ባላስፈለገኝ ነበር።

አዲስ የገባ ኦይል ሲል በሳምንቱ ዳግም ቢያፈስስ፣ ዕቃው ፎርጅድ ነው ብሎ ሻጩን ከመውቀስ በፊት የሞተሩን መተንፈሻ ቱቦ መፈተሽ ይገባል። ቱቦው ሲደፈን በፒስተኖቹ ጎን የሚያልፈው ጋዝ መውጫ ያጣና ዘይቱን በደካማው በኩል ይገፋዋል። ኦይል ሲሉ የሚያርፍበት ዘንግም በጥፍር ሲዳሰስ ቦይ ካበጀ፣ አዲሱም ቢሆን አይይዝም።

በክዳኖች መጋጠሚያ ላይ የሚቀባው ማሸጊያ፣ ሲሊኮን፣ በበዛ ቁጥር ያስተማምናል የሚሉ ወጣቶች አሉ። ወደ ውጭ የተረፈው መልክ ከማበላሸት አያልፍም፤ ወደ ውስጥ የገባው ግን ተቆርጦ የዘይት ፓምፑን ወንፊት ይደፍናል፣ ዘይት ያጣ ሞተርም ውስጥ ለውስጥ ይበላል። ብሎንን ከልክ በላይ ማጥበቅም የቆርቆሮ ክዳን ያጣምማል እንጂ ፍሳሽ አያቆምም።

ውሃ የሚጎድልበት መኪና ሲመጣ ወዲያው ቴስታታ ለማውረድ የሚቸኩል መካኒክ የራዲያተሩን ክዳን ይዘነጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ውሃ እዚህ በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ከዚህ በላይ ሞቆ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለሚይዝ ነው። የክዳኑ ስፕሪንግ የደከመበት መኪና ከመተማ ቆላ ጭነት ይዞ ሲወጣ፣ አንድም የተቀደደ ቱቦ ሳይኖረው ውሃውን ሲተፋ ይደርሳል። ክዳኑ ደኅና ሆኖ፣ በውጭም ፍሳሽ ሳይታይ ውሃው ከጎደለ፣ ዘይቱም ውሃ ተቀላቅሎበት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ያን ጊዜ ቴስታታው ይውረድ። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ መክፈት ፊትን ለፈላ ውሃ መስጠት ነው።

ኤሲ በርቶ ሳለ ከሥር የሚንጠባጠበው ጠረንም ቀለምም የሌለው ውሃ ግን ፍሳሽ አይደለም፤ እባካችሁ እሱን ለማሠራት አትምጡ።