የአያት ሣጥን ወደ ቤተ መዘክር ከመሄዱ በፊት

ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱን ለቤተ መዘክር ከማስረከቡ በፊት «አምሮ ይሂድ» ብሎ ያሰናዳዋል፤ እስሩን ይፈታል፣ በዓመት ይደረድራል፣ ያረጀውን ላሚኔት ያስደርጋል። ከምስጥና ከሻጋታ የተረፈ ወረቀት በዚህ ይጎዳል። የግብር ደረሰኝ ከኑዛዜ ጋር በአንድ ክር ታስሮ ከተገኘ፣ ሁለቱ ስለ አንድ መሬት የሚናገሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ከተበተኑ በኋላ ግን ዝምድናቸውን የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ሣጥኑ እንደተከፈተ፣ አንዲት ወረቀት ሳትነሣ፣ ከላይ ፎቶ አንሡ። እያንዳንዱ እስር ሲወጣም እንደዚያው።

ሥራውን ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው በጋ ጨርሱት። ክረምት ላይ በጣና ዙሪያ ወረቀት ከአየሩ ርጥበት ይጠጣል፤ የለሰለሰ ወረቀት ደግሞ ሲጎትቱት ይቀደዳል። የአየሩ ርጥበት ከ65 በመቶ አልፎ ከሰነበተ ሻጋታ ይነሣል። እስከዚያው ሣጥኑን ከጭቃ ግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር አርቃችሁ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ናፍታሊን አትጨምሩበት፤ ሽታው ወረቀቱ ውስጥ ይቀራል፣ ለሰውም ጤና አይሆንም።

ለሥራው ንጹሕ ጨርቅ የተነጠፈበት ጠረጴዛ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ እርሳስ፣ የጥጥ ጥብጣብና ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት ይበቃል። ቡና፣ ውኃና እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቁ። ለወረቀት በሳሙና ታጥቦ በደንብ የደረቀ እጅ ከጓንት ይሻላል፤ ጓንት የወረቀቱን ጠርዝ ስለሚሰውር መቅደድ ያመጣል። ጓንት የሚያስፈልገው ለፎቶግራፍና ለፊልም ነው።

የዛገ ስፒል ወይም የስቴፕለር ሽቦ ስባችሁ አታውጡ። ከሥሩ ስስ የፕላስቲክ ቁራጭ አስገቡ፣ የሽቦውን እግሮች በደነዘ ቢላ አቅኑ፣ ከዚያ ወደ ላይ አንሡት። የተነጠሉት ገጾች እንዳይለያዩ የፎቶኮፒ ወረቀት አጥፋችሁ አንድ ላይ እቀፏቸው። ካኪ ፖስታ ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ ያለው አሲድ በጊዜ ብዛት ወረቀቱን ቡናማና ተሰባሪ ያደርጋል። ስኮችም አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። የታጠፈ ደብዳቤ ቀስ ተብሎ ተዘርግቶ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል፣ ከበላዩ ክብደት ተደርጎበት፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይ። ሲዘረጋ ከተሰነጠቀ እንደታጠፈ ተዉት። ውኃ በመርጨት ማለስለስ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የጽሕፈት ቤት ሐምራዊ ማኅተም ውኃ ሲነካው ይፈስሳል፣ ማኅተሙ ከጠፋ የሰነዱ ማስረጃነት አብሮ ይጠፋል።

ቁጥር የሚጻፈው በእርሳስ፣ ከጀርባ፣ በታችኛው ጥግ ነው። 3/12 ማለት ሦስተኛው እስር፣ አሥራ ሁለተኛው ወረቀት ይሁን። በዚሁ ቁጥር መዝገብ ክፈቱ።

መዝገቡን ስትሞሉ ዕድሜ ያላቸውን የቤተሰብ አባላት አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ወረቀቱ የማይናገረውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው በደረሰኝ ላይ በዓለም ስሙ፣ በኑዛዜ ላይ በክርስትና ስሙ፣ በደብዳቤ ላይ በማዕረጉና በፈረስ ስሙ ሊጠራ ይችላል። ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸው ካልተጻፈ፣ ተመራማሪ ሦስት ሰዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ስሙን ስትገለብጡ «ሀ»ና «ሐ»ን፣ «ሰ»ና «ሠ»ን ጸሐፊው እንደጻፈው ተዉ። የቦታ ስምም እንደዚሁ ነው። ባሕር ዳርና ዘጌ በጎጃም፣ ፎገራና ደንቢያ በበጌምድር ይተዳደሩ ስለነበር፣ የሐይቁ ዳር ሰው ወረቀቶች በሁለቱም ጠቅላይ ግዛቶች ስም ተጽፈው ሊገኙ ይችላሉ። የዛሬውን ስም ማከል ከተፈለገ ለብቻው በሌላ ዓምድ ይግባ።

ቀን ላይ ተጠንቀቁ። በግእዝ ቁጥር ሲጻፍ ፮ እና ፯ በደበዘዘ ቀለም ይመሳሰላሉ። ሰነዱ የወንጌላዊውን ስም ከጠቀሰ ግን ማረጋገጥ ይቻላል፤ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለ ዮሐንስ ነው። 1936 ዮሐንስ፣ 1937 ማቴዎስ ስለሚሆን «ዘመነ ማቴዎስ» የሚል ወረቀት ፯ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰጠ ወረቀት ከቀኑ አጠገብ በሮማ ቁጥር የፋሺስቱን ዓመት ይይዛል፤ ቆጠራው የሚነሣው ከጥቅምት 1915 ስለሆነ 16ኛው ዓመት ከጥቅምት 1930 እስከ ጥቅምት 1931 ያለው ነው።

ከዚያ በስልክ ፎቶ አንሡ፤ በመስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ ሳይነካው፣ ፍላሽ ጠፍቶ። ጀርባው ባዶ ቢመስልም ይነሣ። የወረቀቱ ቁጥርና ማስመሪያ በፎቶው ውስጥ ይታዩ። በስካነር ከሆነ ለጽሑፍ 300፣ ለፎቶግራፍ 600 ዲፒአይ ይሁን።

ርክክቡ ስጦታ ነው ወይስ አደራ? ይህ በጽሑፍ ይለይ። አደራ ከሆነ መቼና በማን ፊርማ እንደሚመለስ፣ ማን ማየት እንደሚችል፣ በየትኛው ወረቀት ላይ ገደብ እንዳለ ይጻፍ። በክርክር ላይ ላለ መሬት የሚያገለግል ሰነድ ካለ፣ ጉዳዩ እስኪያልቅ ዋናው ቤት ይቆይና ቅጂው ይግባ። ዝርዝሩ በሁለት ቅጂ ተዘጋጅቶ፣ እያንዳንዱ ገጽ በሁለቱም ወገን ተፈርሞ፣ አንዱ ከቤተሰቡ ጋር ይቅር።

ከዘጌ ወይም ከደሴቶቹ በጀልባ የሚመጣ ሣጥን በሁለት ፌስታል ተጠቅልሎ ከሰው እጅ ሳይወጣ ይጓዝ፤ እንደደረሰ በዚያው ቀን ከፌስታሉ ይውጣ፣ ታፍኖ ካደረ ይሻግታልና። በመንገድ ከራሰ በጥላና ነፋስ ባለበት፣ ወረቀት በወረቀት ተለያይቶ፣ 48 ሰዓት ሳይሞላው መድረቅ አለበት። ፀሐይ ላይ አይሰጣ።