ወደ ጅማ ገጠር ልትገቡ ካሰባችሁ በሐምሌ ኑ

ኅዳር ላይ ስልኬ አያርፍም። አንዱ ለሰርግ አጋሮ ሄዶ ይደውላል። ሌላዋ ለመስክ ሥራ ሊሙ ወጥታ ትደውላለች። ቡናው ቀልቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ የገበሬው ኪስ ሞቋል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ «የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ አንገሽግሾኛል። ሥራዬን ለቅቄ እዚሁ ብገባስ?»

እኔ የጅማ ልጅ ነኝ። ቡና ለሚገዙ ሰዎች ሒሳብ እሠራለሁ። በለቀማ ጊዜ ጎማና ጌራ ወረዳዎች እመላለሳለሁ፣ ሌላውን ወቅት ከተማ ቁጭ ብዬ ወረቀት አገላብጣለሁ። ገበሬ አይደለሁም። ግን ማን በየትኛው ወር ገንዘብ እንደሚቀበል፣ ማን በየትኛው ወር ብድር ፍለጋ እንደሚመጣ ደብተሬ ላይ አለ። ስለዚህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምለው፦ አሁን አትወስኑ፤ በሐምሌ ኑ፣ ያኔ እናወራለን።

ሰው ይስቃል። በሐምሌ ማን ጅማ ይመጣል? እኔም የምፈልገው እሱን ነው። ኅዳር ላይ ሁሉም ቦታ ያምራል።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ ላውራ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እዚህ አካባቢ እሸት ቡና የሚለቀመው በብዛት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ነው። እሸቱን ለቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚሸጥ ሰው በዚያው ቀን ማስረከብ አለበት፤ ካደረ ጥራቱ ይበላሻል። የቸኮለ እሸቱን ይሸጣል። ትንሽ አቅም ያለው ከነገለባው አድርቆ ጀንፈል ያደርግና ዋጋ እስኪሻል ያስቀምጣል። በሁለቱም መንገድ ዋናው ገንዘብ የሚገባው በዓመት አንዴ ነው። ጥር ላይ ዕዳ ይከፈላል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሰርግ ይደገሳል። ሰኔ ላይ ቤቱ ይሳሳል። ሐምሌና ነሐሴ ከቡና የሚገባ ነገር የለም፤ የሚወጣው ግን አለ። አረም አለ፣ የተማሪ ደብተርና ልብስ ደግሞ መስከረምን ይዞ እየመጣ ነው።

ደሞዝ የለመደ ሰው ይኼን በጆሮው ሰምቶ «ገብቶኛል» ይላል። በወረቀት ካልጻፈው አይገባውም። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አንድ ሉክ ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወሮቹን ወደ ታች ጻፉ። ጎኑ ላይ የሚገባውን፣ ከዚያ የሚወጣውን። የሚገባውን ስትጽፉ ሻጩ ወይም ዘመድ የነገራችሁን አትመኑ። የአገሪቱ የቡና አምራች በአማካይ በሄክታር ስድስት ሰባት ኩንታል የተፈለፈለ ቡና ነው የሚያገኘው። ግማሽ ሄክታር ካላችሁ ሦስት ኩንታል በሉ። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ይፈልጋል። ስለዚህ ያቺ ሦስት ኩንታል ማለት ወደ አሥራ ስምንት ኩንታል እሸት ናት፤ አንድ በአንድ በእጅ የተለቀመች። ለቃሚው የሚከፈለው በኪሎ ነው፣ ክፍያውን የሚፈልገውም ያኔውኑ ነው። እናንተ ገና ምንም ሳትሸጡ ከኪሳችሁ ይወጣል።

ሌላም አለ። ቡና አንድ ዓመት በደንብ ከሰጠ የሚቀጥለውን ዓመት ያርፋል። ስለዚህ ያያችሁት ማሳ ዘንድሮ ዘንበል እስኪል ተሸክሞ ከሆነ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ግማሹን ጻፉ። አዲስ ከተከላችሁ ደግሞ ሦስት አራት ዓመት መጠበቅ ነው። ያረጀ ቡና ከሆነ መጎንደል አለበት፦ ከለቀማ በኋላ ግንዱ ከመሬት እስከ ጉልበት ባለው ከፍታ ላይ ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል፣ አዲስ ቀንበጥ ያወጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሁለት ዓመት ያህል ከዚያ ግንድ ምርት የለም። ሁሉንም ባንዴ የጎነደለ ሰው ራሱንም ጎንድሏል። በየዓመቱ እየከፋፈሉ ነው የሚጎነደለው።

ሉኩ ላይ ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ሆነው ከታዩ መሙያ ፈልጉ። እዚህ የቆየ ገበሬ በቡና ብቻ አይኖርም። አቮካዶ አለው፣ የምትታለብ ላም አለችው፣ ጎደሬ አለው፣ ጫት አለው፣ ዛፍ ላይ የሰቀለው ቀፎ አለው። ጌራ በኩል ማሩ ራሱን የቻለ ገቢ ነው። እናንተ ደግሞ በሩቅ የሚሠራ ሥራ ካላችሁ እሱ ነው አቮካዷችሁ። ኔትወርኩን ግን ዝናብ እየዘነበ፣ መብራት ጠፍቶ ሞክሩት። ጠራ ባለ ቀን የሠራ ኔትወርክ ማስረጃ አይሆንም።

አሁን ወደ መሬቱ። «መሬት ልገዛ ነው» ብሎ የሚደውልልኝን ሰው እዚያው ላይ አስቆመዋለሁ። በ1987 ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ውሉን በብድር ወይም በስጦታ መልክ አልብሶ ነው የሚያመጣው። ጸብ እስኪመጣ ሁሉም ደህና ነው። ጸብ ሲመጣ ያ ወረቀት አያድናችሁም። አንድ የማውቀው ሰው ያጠራቀመውን ሁሉ ለእንዲህ ዓይነት ውል ከፈለ። ከባለመሬቶቹ ባልየው ፈርሟል፣ የአገር ሽማግሌም ፈርሟል። ሚስትየው አልፈረመችም። የመሬት ይዞታ ደብተሩ ላይ ግን ስሟ ነበር። ነገሩ አሁንም አላለቀም።

ሕጋዊው መንገድ ጠባብ ነው፣ ግን አለ። ከዘመድ በውርስ ወይም በስጦታ የሚገኝ ይዞታ ካለ እሱ አንደኛው ነው። ከሌለ ከባለይዞታ መከራየት ነው። ሲከራዩ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በዓይን ማየት፣ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶ ማረጋገጥ፣ ሁለቱንም ማስፈረም፣ ከዚያ ውሉን የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ማስመዝገብ ያስፈልጋል። የኪራይ ዘመኑ በሕግ ጣሪያ አለው፤ ስንት ዓመት እንደተፈቀደ እዚያው ጽሕፈት ቤት ጠይቁና በዚያ ላይ አስሉ። አዋሳኞቹንም አነጋግሩ፤ ድንበር ላይ ያደረ ቂም ካለ ከደብተር ይልቅ እነሱ ይነግሯችኋል። ቡና ያለበት መሬት ከሆነ ደግሞ ማን መጎንደል እንደሚችል፣ የጥላ ዛፉን ማን እንደሚቆርጥ፣ አዲስ የተተከለው ሲያፈራ የማን እንደሚሆን ጻፉ። ይኼን ሳይጽፍ ዋንዛ የቆረጠ ተከራይ ከባለቤቱ ጋር ለዓመታት አይነጋገርም።

ሦስተኛ መንገድም አለ፣ እኔ የምወደው እሱን ነው። አጋሮን የመሰለች ትንሽ ከተማ ቤት መከራየትና ከዚያ እየወጡ መሥራት። ኩራታችሁን ትንሽ ይነካል። ግን የሚፈርስ ውል የለውም።

ቦታ ስትመርጡ «ጅማ» ብላችሁ አትጨርሱ። ከተማዋ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ናት። ከዚያ ወደ ደዶ ብትወጡ ብርዱ ሌላ ነው፤ ድንችና ገብስ አገር ትገባላችሁ። ወደ ሶኮሩና ኦሞ ናዳ፣ ወደ ጊቤ ቆላማው ብትወርዱ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ ነው። ቡናው መሐል ላይ ነው፣ ወይና ደጋው ላይ፤ ወባም እዚያ ይደርሳል። ወባ የሚብሰው ክረምቱ ወጣ ሲል፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ልክ በለቀማው ሰዓት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባ አያውቅም፤ አጎበር ሳይሰቀል አንድ ሌሊት አትደሩ። ከቤቱ እስከ ጤና ጣቢያው በእግር ሂዱ። ከዚያ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለመድረስ በሌሊት ማን መኪና እንዳለው ጠይቁ። ስልኩን ያዙ።

ሐምሌን የምወደው ለዚህ ነው፤ መንገዱ ራሱ መልስ ይሰጣል። ከአስፋልቱ ስትወርዱ ባጃጁ ትንሽ ይሄድና አቀበቱ ሥር ይቆማል። ሾፌሩ ቀዩን ጭቃ ያያል፣ እናንተን ያያል፣ ጫማችሁን ያያል። «ከዚህ ወዲያ በእግር ነው» ይላል። ዋጋው ግን አይቀንስም። ቦቲ ይዛችሁ ኑ። አንድ ጀሪካን ውኃም ተሸክማችሁ ያንን አቀበት ውጡ፤ ማስመሰል ሳይሆን ውኃው በትክክል ከሚቀዳበት ምንጭ። ቤት ስትደርሱ የአልጋ ልብሱን አሽትቱ። እዚህ ክረምት ላይ የታጠበ ልብስ ለቀናት ሳይደርቅ ይሰነብታል፣ ጥግ የተቀመጠ ጫማ ሻጋታ ያበቅላል። ጣራው ቆርቆሮ ከሆነ ማታ ዝናቡ ሲወርድ ስልክ ማውራት አይታሰብም። አሸንዳ ከተገጠመለት ግን የመጠጥ ባይሆን እንኳ የእጥበት ውኃ ደጃፋችሁ ድረስ ይመጣል፤ እኔ ቤት ሳይ መጀመሪያ የማየው አሸንዳ ነው።

በቆሎ የምትዘሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ የሥራ ሰዓት አለ። ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ማታ ከርከሮና ጃርት። እሸቱ ሲደርስ ሰው ማሳው ዳር ማማ ሠርቶ እዚያ ያድራል፣ ይጮሃል፣ ቆርቆሮ ይመታል። ጫካ ሥር ያለ መሬት ርካሽ መስሎ ከታያችሁ ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል። «ማን ይጠብቃል?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «ሰው እንቀጥራለን» ከሆነ ሉኩ ላይ ይግባ።

ስለ ሰዉ ጥቂት ልበል። እዚህ የምትኖሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። ጅማና አጋሮ ከተማ በአማርኛ ትገባላችሁ፣ ትወጣላችሁ። የቀበሌ ስብሰባ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሴቶቹ ምንጭ ላይ ሲያወሩ ግን በአማርኛ ዳር ላይ ነው የምትቀሩት። ሰላምታውን ከመምጣታችሁ በፊት ተማሩ። አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ሠራተኛ አትቅጠሩ፣ በረመዳን ቀን ላይ ከባድ ሥራ አትጫኑ። እድር ግቡ። ጎረቤት ደቦ ሲጠራ እጃችሁ ባይለምድም ሂዱ። ብር ልኮ የሚቀር ሰው የራሱ ቀን ሲደርስም ብር ብቻ ነው የሚላክለት። ሽማግሌዎቹ «አባ እገሌ» እየተባሉ ነው የሚጠሩት፤ በባዶ ስማቸው አትጥሯቸው።

ልጅ ካላችሁ ይኼ ከሁሉም ይቀድማል። ገጠር ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማሩት በአፋን ኦሮሞ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ በአንድ ክረምት ከሠፈር ልጆች ጋር ሲሯሯጥ ይለምደዋል። አምስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ግን ሳይንሱንም ሒሳቡንም በማያውቀው ቋንቋ ሊጀምር ነው። ለእንዲህ ያለ ቤተሰብ «ወይ ከተማ ኑሩ፣ ወይ ቆዩ» ነው የምለው። አስተማሪዎቹን አነጋግራችሁ የተለየ ነገር ካሳመኗችሁ እሰየው።

የአክስቴ ልጅ ዓምና ይኼን ሁሉ ሰምታ ተቆጣችኝ። «አንቺ ሰው እንዲመጣ አትፈልጊም» አለችኝ። ቢሆንም መጣች። ከሰኔ እስከ መስከረም አጋሮ አንድ ክፍል ተከራየች። ባሏ አዲስ አበባ ሥራው ላይ ቆየ። ክረምቱን ከወጣች በኋላ የመረጠችው መጀመሪያ ያየችውን ጫካ ሥር ያለ ሰፊ መሬት አይደለም፤ መንገድ ዳር ያለ አነስ ያለ ማሳ ነው የተከራየችው። ባሏ አሁንም ሥራውን አልለቀቀም፤ እኔም እንዳይለቅ ነው የምመክረው፤ ሁለት ለቀማ እስኪያልፍ።

እናንተም ክረምቱን አይታችሁ ከወሰናችሁ የሚቀጥለውን ዓመት ቀን አታሳልፉ። ችግኝ የሚተከለው ዝናቡ ሲጠነክር፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ነው። ጉድጓዱ ግን ከዚያ ሁለት ሦስት ወር ቀድሞ ተቆፍሮ መክረም አለበት። ስለዚህ ውሉ እስከ የካቲት ካላለቀ ዓመቱ አልፏል። ሁለት ሁለት ሜትር እያራራቃችሁ ከተከላችሁ ለሄክታር 2,500 ችግኝ ነው። ችግኙን ከመንገድ ዳር አትግዙ። የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ፣ ዝርያውን በቁጥር ጠይቁ። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የሚባሉት የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋሙ ናቸው። 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ 1974፤ በሽታው አገራችን በታየ በሦስተኛው ዓመት ገደማ። ሻጩ ቁጥሩን ካላወቀ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።