ባለሁለት ቀለም ቲማቲም፦ መልኩ አምሮ ጣዕሙ አልጫ ሲሆን

ውጭው ወርቅማ ነው፣ ሲቆረጥ ከታች ጫፉ የተነሳ ቀይ ቀለም በቢጫው ሥጋ ውስጥ እንደ ነበልባል ተሰራጭቶ ይታያል፤ አንዱ ፍሬ ግማሽ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ይህ ሁሉ ሆኖ አፍ ሲገባ ውሃ ብቻ ከሆነ፣ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የዘሩ አይደለም። ችግኝ ማፍላቱ፣ ድጋፍ ማቆሙና በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ፀሐይ ማግኘቱ የታወቀ ስለሆነ እዚህ አይደገምም።

ውሃ ውሃ ይላል፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም አይደለም

ደጋግሞ የሚያጋጥመው ይኸኛው ነው። ምክንያቱም ፍሬው ሊበስል ሁለት ሳምንት ሲቀረው የጠጣው ውሃ ነው።

የዚህ ቲማቲም ተፈጥሮ ይታወቅ። ሥጋው ብዙ፣ የዘር ክፍሉ ጥቂትና ጠባብ ነው። የቲማቲም ኮምጣጣነት ደግሞ በብዛት ያለው ዘሩን በከበበው ዝልግልግ ፈሳሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ትንሽ ቀይ ቲማቲም ውሃ ቢበዛበትም ኮምጣጣነቱ ያድነዋል፤ ባለሁለት ቀለሙ ግን ስኳሩ ከቀጠነ የሚደገፍበት ሌላ ነገር የለውም። (ዘሩን ጠርጎ ጥሎ ሥጋውን ብቻ የሚበላ ሰው ያለችውንም ትንሽ ኮምጣጣነት ጥሎ ነው የሚበላው።)

ለማረጋገጥ ፍሬውን ቁረጡና መክተፊያው ላይ ተዉት። ቀለም አልባ ውሃ ከሥሩ ከተኛ ነገሩ ግልጽ ነው። ሪፍራክቶሜትር (የጭማቂ ስኳር መለኪያ) ያለው ሰው ጭማቂውን ይለካ፤ ብሪክሱ፣ ማለትም መለኪያው የሚያሳየው የስኳር መጠን፣ 4 እና ከዚያ በታች ከሆነ አልጫ ነው፣ 6 ከደረሰ ጣፋጭ ነው።

ሁለት ሰዎች ከአንድ ፓኬት ዘር ተካፍለው ይተክሉና አንዱ «ማር ነው» ሲል ሌላው «ዘሩ ተበላሽቷል» ይላል። የሁለተኛው ማሳ ሲታይ ቧንቧው ጠዋትም ማታም ይከፈታል፣ አፈሩ ከላይ ረግረግ ነው፣ አንድ ጣት ወደ ታች ሲቆፈር ግን ደረቅ ነው። በየቀኑ ለ10 ደቂቃ ብቻ እንዲከፈት የተሞላ የውሃ መቆጣጠሪያም ያው ነው፤ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል።

መፍትሄው፦ ፍሬው መጠኑን እስኪይዝ ድረስ አፈሩ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት እንዲርስ አጠጡ፣ ከዚያ ላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር እስኪደርቅ አትንኩት። የመጀመሪያው ፍሬ ታችኛው ጫፉ ሲቀላ ውሃውን በሲሶ ቀንሱ፤ ተክሉ ከቻለው እስከ ግማሽ። ቅጠሉ በቀትር ዝሎ ማታ ከቀና ደህና ነው። ማለዳ ዝሎ ከተገኘ ግን ዛሬውኑ ይጠጣ።

ማስጠንቀቂያ፦ ውሃውን በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ደርቆ ሰንብቶ ድንገት የጠጣ ፍሬ ይሰነጠቃል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከዘንጉ ጀምሮ ለሁለት ይከፈላሉ። ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር የሚወፍር የገለባ ጉዝጓዝ እርጥበቱን እኩል ያደርገዋል። ከባድ ዝናብ ሊመጣ ከሆነ ቀለም መያዝ የጀመረውን ቀጥፋችሁ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ባለው ክፍል አብስሉት። በዕቃ ለሚተክል ከ40 ሊትር ያነሰ አይሆንም፤ ትንሽ ዕቃ በአንድ ቀን ረስርሶ በአንድ ቀን ይደርቃል።

ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግንዱ ወፍራም፣ ፍሬው ጥቂትና ለዛ ቢስ

ናይትሮጅን በዝቶበታል። የመጀመሪያው ዘለላ ፍሬ እንደያዘ ዩሪያ ይቁም፤ ያልበሰለ ፍግም አይጨመር። በየሁለት ሳምንቱ በ10 ሊትር ውሃ 15 ግራም ፖታሺየም ሰልፌት በጥብጣችሁ ሥሩ ላይ አፍስሱ። «የቲማቲም ማዳበሪያ» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ፤ ከረጢቱ ላይ ካሉት ሦስት ቁጥሮች የመጀመሪያው፣ የናይትሮጅኑ፣ ከሁሉም ከበለጠ ለዚህ ጊዜ አይሆንም።

ተክሉ ጤነኛ፣ ውሃው ልክ፣ ጣዕሙ ግን ቀጭን

ቅጠሉ ተገፏል። «ፀሐይ ፍሬውን ታብስለው» ብሎ ቅጠል መመልመል ትልቅ ስህተት ነው። ስኳሩ የሚሠራው ቅጠሉ ላይ ነው፣ የተጋለጠው ፍሬም በፀሐይ ይቃጠላል። መሬት የሚነካውን፣ ከግንዱ ታችኛ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ብቻ አንሱ። በአንድ ዘለላ ከ2 እስከ 3 ፍሬ አስቀርታችሁ የቀረውን ገና ትንሽ ሳለ ቀንጥሱ።

ቀዩ አልወጣም

ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን መሠራቱ ይዳከማል፣ ቢጫው ግን ይቀጥላል። የጣዕም ጉድለት አይደለም። ቀዩን ስትጠብቁ ፍሬው ያልፍበታል፤ ያለፈበት ደግሞ ዱቄት ዱቄት ይላል። ዘንጉ ዙሪያ ያለው አረንጓዴ ወደ ወርቅማ ሲቀየርና ፍሬው በመዳፍ ሲያዝ ትንሽ ሲለሰልስ ቅጠፉ።

ሁሉም ፍሬ ውስጡም ውጭውም ቀይ ከሆነ ዘሩ ከቀይ ቲማቲም ጋር ተዳቅሏል፤ ቀይ በቢጫ ላይ ገዢ ነው።

ሲቀጠፍ ጥሩ ነበር፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሽታ የለውም

ፍሪጅ። ከ12 ዲግሪ በታች የሽታውን ንጥረ ነገር የሚሠራው ሥርዓት ይዘጋል፤ ለቀናት ከቆየ መልሶ ማሞቅ ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ዘንጉ የነበረበትን ጎን ወደ ታች አድርጋችሁ ውጭ አስቀምጡት።

ታች ጫፉ ከጠቆረ፦ የውሃ መዋዠቅ ካልሲየም ወደ ፍሬው እንዳይደርስ አድርጎታል፤ የእንቁላል ቅርፊት መበተን ለዚህ ዘመን ፍሬ አይደርስም። ቅርጹ ከተጨማደደ፦ አበባው ሲፈጠር ብርድ መትቶታል፤ ጣዕሙን አይነካም።

ለክረምት በጠርሙስ የምታሽጉ፦ በአንድ ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ የታሸገ የሎሚ ጭማቂ ሳትጨምሩ አታሽጉ። ጣፋጭ ቢሆንም ባይሆንም ይጨመራል።