በባሕር ዳር የሮታሪ ሞተር ስፖርት መኪና ሲመዝኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ማዝዳ አርኤክስ-8ን ወይም ከእርሱ የቀደመውን አርኤክስ-7ን የሚመኝ የባሕር ዳር ነዋሪ ቀድመው ከገቡት ጥቂት መኪኖች መካከል ለመምረጥ ይገደዳል፤ ምርጫ ሲጠብ ደግሞ ሰው ለመመዘን ትዕግሥት ያጣል። ገዢዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው፤ እርሱም የእነዚህን መኪኖች ሮታሪ ሞተር፣ ማለትም በፒስተን ፈንታ በሚዞር ሮተር የሚሠራውን ሞተር፣ በፒስተን ሞተር መለኪያ መዳኘት ነው።

የመጀመሪያው ስህተት በሊብሬው ላይ የሰፈረውን ቁጥር እንደ ቪትዝ ቁጥር ማንበብ ነው። የአርኤክስ-8 ሞተር 1308 ሲ.ሲ. ተብሎ ስለሚመዘገብ፣ ገዢው ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ያገኘ ይመስለዋል። ነገር ግን ባለ ሦስት ማዕዘኑ ሮተር አንድ ጊዜ ሲዞር ዋናው ዘንግ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ሮተርም በዘንጉ በየዙሩ አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል፤ የተለመደው ፒስተን ግን የሚያቀጣጥለው በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ በሚስበው አየርና ነዳጅ ከተለካ ሞተሩ ከ2.6 ሊትር ሞተር ጋር ይቀራረባል። በአሜሪካ መንግሥት መለኪያ ባለ እጅ ማርሹ አርኤክስ-8 በከተማ ውስጥ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ወደ 15 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል። ቤንዚን ለመቅዳት ረጅም ሰልፍ በሚያስፈልግበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ዘይትን ይመለከታል። በሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ አፔክስ ሲል የሚባሉ ቀጫጭን ማሸጊያዎች አሉ፤ ሥራቸው ከፒስተን ፋሻ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። እነርሱን ለማለስለስ ሞተሩ ሆን ብሎ ጥቂት ዘይት ወደ ማቃጠያው ክፍል እየረጨ ያቃጥላል። ዘይቱ ሲጎድል አይቶ ሞተሩ አብቅቶለታል ብሎ መደናገጥ ስህተት ነው፤ ከዚህ የሚብሰው ግን እስከሚቀጥለው የዘይት ቅያሬ ድረስ ሳያዩ መንዳት ነው። ቢያንስ ነዳጅ በተቀዳ በየሁለተኛው ጊዜ የዘይቱን መጠን በልኬት ዘንጉ ማየት ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ስህተት በከተማችን አነዳድ ምክንያት በቀላሉ የሚፈጸም ነው። መኪናውን ከግቢ ጥላ ወደ ጥላ ለማዛወር ወይም ለማጠብ አስነስቶ ወዲያው ማጥፋት፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን በክፍሉ ውስጥ እንዲጠራቀምና ማሸጊያዎቹ ላይ ያለውን ዘይት እንዲያጥብ ያደርጋል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሪኖው ቢዞርም ሞተሩ አይነሣም። ይህ በደረሰበት አርኤክስ-8 ላይ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ ማስነሣት የነዳጁን ርጭት ስለሚያቆም ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ ካልሆነም ካንዴላዎቹን አውጥቶ ማድረቅ ይጠይቃል። ዋናው ጥንቃቄ ግን የተነሣ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ አለማጥፋት ነው። በባሕር ዳር ደግሞ መንገዱ ሜዳና አጭር ስለሆነ ብዙ ሰው ሞተሩን ሁልጊዜ በዝቅተኛ ዙር ይነዳዋል፤ ይህም ካርቦን እንዲጠራቀምና ማሸጊያዎቹ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ ያደርጋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አልፎ አልፎ ከፍ ያለ ዙር ማየት አለበት። ለዚህ ሰውና ከብት በሚያቋርጡት የጎንደር መንገድ ላይ መክነፍ አያስፈልግም፤ በአንደኛ ማርሽ 9 ሺህ ዙር ሲደርስ እንኳ ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም።

ከሁሉ የሚከብደው ስህተት ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሞተሩ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት፣ ሳያስለኩ፣ ወይም በተራ መለኪያ አስለክተው መግዛት ነው። ተራው መለኪያ ከሮተሩ ሦስት ገጾች መካከል የብርቱውን ቁጥር ብቻ ይዞ ስለሚቆም፣ አንዱ ማሸጊያ ተሰብሮ ቢሆን እንኳ ሊደብቀው ይችላል። ሦስቱንም ገጾች ለየብቻ የሚያሳይ የሮታሪ መለኪያ ያስፈልጋል፤ ይህንን መሣሪያ ከሌላ ከተማ ማስመጣት ቢጠይቅም ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም። ለአርኤክስ-8 የተቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን ዘንጉ በደቂቃ 250 ዙር ሲዞር 680 ኪሎ ፓስካል ነው። እዚህ ላይ ጣና ዳር ያለ ገዢ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ፤ ከተማችን ወደ 1800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል፤ የሚነበበው ቁጥርም በዚያው ልክ ይወርዳል። በባሕር ጠለል 800 የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 640 አካባቢ ሊያሳይ ይችላል። ይህን ያላሰበ ገዢ ደህናውን ሞተር ይጥላል፤ ሻጩ ደግሞ ከፍታውን ለደከመ ሞተር ሽፋን ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ በገጾቹ መካከል ያለውን ልዩነት መመልከት ይበጃል፤ በአንድ ሮተር ገጾች መካከል ከ150 ኪሎ ፓስካል በላይ ልዩነት ከታየ ከፍታው ምክንያት ሊሆን አይችልም።

መለኪያው እስኪገኝ ድረስ ያለ መሣሪያ የሚደረግ አንድ ፈተና አለ። ሻጮች መኪናውን ቀዝቃዛ እንደሆነ አስነሥተው ማሳየት ይወዳሉ፤ የደከመ ሮታሪ ግን የሚጋለጠው ሲሞቅ ነው። እስከ መሸንቲ ወይም እስከ ሐሙሲት ነድተው ይመለሱ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁና እንደገና ያስነሡ። ሞተሪኖው ለረጅም ጊዜ ከዞረ ኮምፕሬሽኑ መድከሙን መጠርጠር ይገባል።

ሌሎች ደግሞ ይህን ሁሉ ሰምተው በተቃራኒው ይሳሳታሉ፤ ሞተሩን በችግሩ ብቻ መዝነው መኪናውን ይንቁታል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ሮታሪው ትንሽና ቀላል በመሆኑ ከፊት ጎማዎቹ መስመር ወደ ኋላ ገባ ብሎና ዝቅ ብሎ ተቀምጧል፤ በዚህም የተነሣ ክብደቱ በፊትና በኋላ ጎማዎች ላይ እኩል ለእኩል ሊባል በሚችል መልኩ ተከፋፍሏል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ፒስተን ስለሌለው ንዝረቱ እጅግ ጥቂት ነው። ማዝዳ እ.ኤ.አ. በ1991 በሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ባለ አራት ሮተሩን 787ቢ ይዞ ሲያሸንፍ፣ ያንን ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው የጃፓን ኩባንያ ሆኗል። በተገቢው የተያዘ አርኤክስ-8 ከአዲስ ዘመን ከተማ በኋላ ወደ ጎንደር በሚወስደው ጠመዝማዛ አቀበት ላይ መሪው የሚሰጠውን ስሜት ብዙ ውድ መኪኖች አይሰጡም። ይህን ጥቅም የሚፈልግ ሰው አውቶማቲኩን ከመግዛት ይቆጠብ፤ የዙር ጣሪያው ከባለ ስድስት እጅ ማርሹ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሞተሩ ዋና ጸጋ ይጎድለዋል።

በካታሎግ የተጻፈውን የፈረስ ጉልበትም እንዳለ መቀበል አይገባም፤ አርኤክስ-8 ቱርቦ ስለሌለው በእኛ ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የአርኤክስ-7 ቱርቦ የዚህን ጉድለት የተወሰነ ክፍል ይመልሳል፤ ሙቀቱ ግን የበለጠ ነው። የሮታሪ ቃጠሎ ሁልጊዜ በሞተሩ አንድ ወገን ስለሚካሄድ ሮተሩን የያዘው የሞተሩ ቤት ወጥ በሆነ መልኩ አይሞቅም፤ አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ከሞቀ የውኃ ማሸጊያዎቹ ይበላሻሉ። ራዲያተሩ በቧንቧ ወይም በሐይቅ ውኃ ሳይሆን በትክክለኛው ማቀዝቀዣ ፈሳሽ መሞላቱን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀትም በቆመበት ማራገቢያው መነሣቱን ያረጋግጡ። መኪናው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከመንገድ እብጠቶችና ከክረምቱ ጎርፍ የሚደርስበትን ጉዳት ለማወቅ መኪናውን ከፍ አስደርጎ ሥሩን ማየትም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ስህተት ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ስለ መለዋወጫ ማሰብ ነው። አርኤክስ-7 እ.ኤ.አ. በ2002፣ አርኤክስ-8 በ2012 ምርታቸው ቆሟል። የከተማችን መካኒኮች የቶዮታ ሞተር ዓይናቸውን ጨፍነው ቢፈቱም ሮታሪ ፈትቶ የመግጠም ዕድል ያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ሞተሩን የሚያድስ ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ የማሸጊያዎቹ ስብስብ ከየትና በስንት ብር እንደሚመጣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ፤ ያንን ወጪም ከሚያቀርቡት ዋጋ ላይ ቀንሰው ይደራደሩ።