የረግረግ ተክል ሳይሻግት እንዲህ ይደርቃል

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ከቦዬ ረግረግ ያመጣኋቸውን ተክሎች ደብተር ውስጥ ከትቼ ፍራሽ ስር አስገባኋቸው። ሐምሌ ነበር፤ በጅማ ሐምሌ የታጠበ ካልሲ እንኳ ሦስት ቀን ይፈጃል። ደብተሩን ብከፍተው ግማሹ ሻግቷል፣ ግማሹ ከገጹ ጋር ተጣብቋል።

አሁን የማደርገው ይኸው። ተክሉን በቢላ ከነሥሩ አንሡና ጥቂት ውሃ ባለው ፌስታል ይዛችሁ ኑ። ቦዬ ጉማሬ አለና እስኪመሽ አትቆዩ። ጭቃውን አጥባችሁ ዝርግ ትሪ ላይ ሁለት ጣት ያህል ውሃ ጨምሩ። ብልሃቱ ያለው እዚህ ነው፦ ለስላሳ የውሃ ዳር ተክል ከውሃ ሲወጣ እንደ ረጠበ ክር ይጠቀለላል፤ ውሃ ላይ ግን ራሱ ይዘረጋል። ወፍራም ነጭ ወረቀት ከሥሩ አስገቡ፣ ቅጠሉን በስቴኪኒ ለያዩ፣ ከዚያ ወረቀቱን በአንድ ጎኑ ቀስ አድርጋችሁ አንሡት።

በላዩ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ፣ ከላይና ከታች ጋዜጣና ካርቶን፣ ከዚያ ጣውላ፣ ከዚያ ድንጋይ። ጋዜጣውን በመጀመሪያው ቀን ሁለቴ፣ ከዚያ በየቀኑ ቀይሩ። እንደ ቡና ነው፤ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ካልተገላበጠ ይሻግታል። ጨርቁን ግን እስኪደርቅ አትንኩ፣ ተክሉን ይዞት ይነሣል። መድረቁን በጉንጫችሁ ሞክሩት፤ ከቀዘቀዛችሁ ገና ነው።

አንድ ተማሪ «ከዚህ የባሰ እርጥብ አገርስ?» አለኝ። እንግሊዛዊው የዕፅዋት ሊቅ ጆሴፍ ሁከር እ.ኤ.አ. በ1840 በደቡብ ሕንድ ውቅያኖስ ወዳሉት የከርጌለን ደሴቶች ሲደርስ የዚያ አገር ክረምት ነበር፤ በረዶ የያዘውን የድንጋይ ሽበት (ድንጋይ ላይ የሚበቅለውን ላይከን) በመዶሻ እየፈለጠ፣ አንዳንዴም እስኪቀልጥ ቁጭ ብሎበት ነው የለቀመው። እዚያ ረግረጉ ላይ ራነንኩለስ ባይተርናተስ የሚባል ትንሽ ተክል አለ፦ መሬት ለመሬት ይሳባል፣ አበባው ቢጫ ነው፣ ቅጠሉ ሦስት ቦታ ተከፍሎ እያንዳንዱ እንደገና ሦስት ይሆናል። ዘመዱ ራነንኩለስ መልቲፊደስ በእኛ ደጋ እርጥብ ቦታ ይበቅላል። ካገኛችሁት እጃችሁን ታጠቡ፤ የዚህ ወገን ጭማቂ ቆዳ ያቃጥላል።

መጨረሻ ላይ ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑንና የአበባውን ቀለም ጻፉ፤ በእርሳስ ይሁን፣ የእስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። ቀለሙን እዚያው ረግረጉ ዳር ቆማችሁ መዝግቡ። ቢጫው ሲደርቅ ይነጣል፣ በኋላ ማንም አያምናችሁም።