ቴሌግራም ላይ የታዘዘ ሥራ ለሚጠፋባችሁ አዲስ ማናጀሮች

ትንሽ ስታርትአፕ ውስጥ ቡድን መምራት ለጀመራችሁ ነው። ችግሩ እንዲህ ነበር፦ ሥራ ግሩፕ ላይ እጽፋለሁ፣ ሁሉም አውራ ጣት ይለጥፋል፣ አርብ ሲደርስ ወይ ማንም አልነካውም ወይ ሁለት ሰው ያንኑ ሥራ ሠርቶታል።

መጀመሪያ በየጠዋቱ ተሰበሰብን። ሰዓት በላ እንጂ ለውጥ የለም። ጉግል ሺት አዘጋጀን፣ ብዙም ሳይቆይ የሚከፍተው ጠፋ። ደጋግሞ ማስታወስማ ጭራሽ ሰው አሰለቸ።

የሠራልን ትሬሎ (እያንዳንዱ ሥራ በአንድ ካርድ ተጽፎ ቦርድ ላይ የሚታይበት አፕ) ላይ ቦርድ ከፍተን አንድ ካርድ ላይ አንድ ስም ብቻ ማስገባት ነው። ትሬሎ ብዙ ሰው ማስገባት ይፈቅዳል፣ እናንተ ግን እንዳትሞክሩት፤ የሚያግዝ ቢኖርም ተጠያቂው አንድ ይሁን። አጻጻፉም ተለወጠ። «ክፍያውን አስተካክሉ» ቀርቶ «ደንበኛው በቴሌብር ሲከፍል ደረሰኝ በኤስኤምኤስ ይድረሰው፣ እስከ ሐሙስ» ሆነ። ሥራው አለቀ አላለቀ የሚል ክርክር የቆመው በዚህ ነው።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ጋር በየሳምንቱ 30 ደቂቃ ለብቻ መቀመጥ ጀመርኩ። «ለምን አልጨረስክም?» አልልም፣ «ምን ይዞህ ነው?» እላለሁ። ግሩፕ ላይ ድምፁ የማይሰማው ልጅ የሰርቨር ፓስወርድ የሚሰጠው አጥቶ ሥራው እንደቆመበት የነገረኝ እዚያ ነው። ፓስወርዱን ያኔውኑ ሰጠሁት፣ በማግስቱ ካርዱ ተዘጋ።